ምዕራፍ 5፦ ዘሩ የማን ነው? ኢትዮጵያና ኔዘርላንድ ከወንጂ እስከ ቂሊንጦ

ቂሊንጦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ ትገኛለች። ብዙው አዲስ አበቤ የሚያውቃት በማረሚያ ቤቷ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ተከፈተ፤ ኮንዶሚኒየሞች ተደረደሩ፤ ለኢንዱስትሪ ፓርክ መሬት ተከለለ። በ2007 ዓ.ም ደግሞ የሆላንዱ ሄኒከን በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ሊትር ቢራ እንዲጠምቅ የተከለው ፋብሪካ በይፋ ተመረቀ። ዋልያ ቢራ የሚወጣው ከዚህ ነው።

የአካባቢው አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ የሚውጥ፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የሚከፈት ጥቁር መሬት። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ባለው ሜዳ ገበሬው ሲዘራበት የኖረው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ነው። ለቢራው የሚሆነው ገብስ የሚጫነው ግን ከሩቅ፣ በተለይ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ነው። ስለዚህ ቂሊንጦ ሁለት እህሎች የሚተላለፉባት ቦታ ሆናለች፤ ከሜዳው እየለቀቀ ያለው ጤፍ እና በካሚዮን የሚገባው ገብስ። ሁለቱም ከሆላንድ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አላቸው።

የሁለት አገሮች ግንኙነት ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የመሪዎች ጉብኝት፣ የዕርዳታ ገንዘብና የንግድ ሚዛን ነው። ይህ ምዕራፍ ዘሩን ይከተላል። ኢትዮጵያና ኔዘርላንድ አብረው የሠሩት ትልልቅ ሥራ በአብዛኛው ከእርሻ የወጣ ነው፦ ሸንኮራ አገዳ፣ አበባ፣ ጤፍ፣ የቢራ ገብስ። በእያንዳንዱ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚያተርፍ በመወሰን ረገድ ከመሬቱና ከጉልበቱ ይልቅ የዘሩ ዕውቀትና ስለ ዘሩ የተጻፈው ወረቀት በማን እጅ እንዳለ ከብዶ ታይቷል።

ከጃቫ ወደ ወንጂ

ነገሩ የተጀመረው በስኳር ነው። በአምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1879 የተመሠረተው ኤች ቪ ኤ የተባለ ኩባንያ ሀብቱን ያፈራው ሆላንድ ትገዛት በነበረችው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ኩባንያው ዕውቀቱንና ሰዎቹን ይዞ ሌላ አገር ማማተር ነበረበት። ኢትዮጵያ ደግሞ ስኳር ከውጭ ትገዛ ነበር። በ1943 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ፤ በ1946 ዓ.ም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ማግሥት ኔዘርላንድን ጎበኙ። በ1950ዎቹ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ፣ ቀጥሎም መተሐራ ተከተሉ። ንግሥት ዩሊያና በ1961 ዓ.ም ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ዋና ማሳያ ይኸው የአዋሽ ሸለቆ ስኳር ነበር።

የወንጂ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። ፋብሪካው የከተማ ሥልጣኔ ይዞ መጣ፤ ለሠራተኛው ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የእግር ኳስ ቡድን። ከከምባታና ከሐዲያ የመጣው ወዛደር ደመወዝ የሚባለውን ነገር ከለመደባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ወንጂ ነው። በሌላው ፊት ደግሞ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የአዋሽን ግጦሽ አጡ፤ በመተሐራ የከረዩ ኦሮሞዎች ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። የወንጂ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የብዙ ሠራተኛና ቤተሰብ ጥርስ በልዟል፤ በረጅም ዘመን የጠጡት አንዳንዶቹ አከርካሪያቸው እስኪጎብጥ አጥንታቸው ተጎድቷል። ይህ በሕክምና ጥናቶች በሰፊው የተመዘገበ ነገር ነው።

ለዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ግን ዋናው አገዳው ራሱ ነው። ሸንኮራ አገዳ በፍሬ አይዘራም፤ አገዳው ተቆራርጦ ይተከላል። ለፋብሪካ የሚሆነው ዝርያ በምርምር ጣቢያ የተዳቀለ ነው። የሆላንዶች ጣቢያ በጃቫ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው ፒ ኦ ጄ 2878 የተባለ ዝርያ በዓለም ላይ ዛሬ ለሚተከለው አብዛኛው አገዳ ቅድመ አያት ሆኗል። ኤች ቪ ኤ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ካፒታል ብቻ ሳይሆን ይህንን የዝርያ ዕውቀት ነበር፤ የትኛው አገዳ በየትኛው አፈር፣ በስንት ወር፣ በምን ያህል ውኃ። የአገዳ ዝርያ በዚያ ዘመን በፓተንት አይታጠርም፤ ዕውቀቱ በሥራ አስኪያጆቹ ጭንቅላትና መዝገብ ውስጥ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም ፋብሪካዎቹን ሲወርስ መሬቱንና መኪናውን ወሰደ። አገዳው ማሳ ላይ ቀረ፤ ከሆላንዶች ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ቀሩ። ስለዚህ ስኳሩ አልቆመም። ዘርና ዕውቀት በእጅ ላይ ካሉ ውል ቢፈርስም ሥራ ሊቀጥል እንደሚችል ወንጂ አሳይታለች። ከዚያ በኋላ የመጡት ውሎች ግን እንዲህ ቀላል አልነበሩም።

ጽጌረዳና ክፍያው

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ኢትዮጵያ በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ሆናለች፤ ለዚህ ቁልፉ ኔዘርላንድ ነበረች። የኔዘርላንድ መንግሥት ወደ አዲስ አገር ለሚገቡ ኩባንያዎቹ የሚሰጠው የማበረታቻ ድጎማ፣ የአበባ አልሚዎች ማኅበር በ1994 ዓ.ም አካባቢ መቋቋሙ፣ የመንግሥት የመሬትና የብድር ድጋፍ አንድ ላይ ገጠሙ። ሼር የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሰፊ የጽጌረዳ እርሻ ከፈተ። አበባው ሌሊት በቦሌ ይጫናል፤ አብዛኛው የሚያርፈው ኔዘርላንድ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀሪው አውሮፓ ይበተናል።

አንድ ጽጌረዳ ሲሸጥ ከገንዘቡ የተወሰነው ለአዳቃዩ ይከፈላል። የጽጌረዳ ዝርያዎች በአብዛኛው የሆላንድ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ አዳቃዮች ንብረት ናቸው፤ አልሚው በተከለው እግር ልክ ሮያሊቲ ይከፍላል። አዳቃዮቹ አዳዲስ ዝርያዎቻቸውን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሕግ ዋስትና ፈለጉ። በ1998 ዓ.ም የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተካ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በነጋሪት ጋዜጣ ቁጥር 481ን ተከትሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት ነው። የመጀመሪያው ዝርያ ላዳቀለው ሰው መብት ይሰጣል። ሁለተኛው ዘሩን ለሺህ ዓመታት መርጦ ላቆየው ገበሬና ለአገሩ መብት ይሰጣል። በአንድ ዓመት፣ በተከታታይ ቁጥር የወጡት እነዚህ ሁለት አዋጆች በተግባር እኩል አልሄዱም። አዳቃዩ ገንዘቡን በየእግሩ ቆጥሮ ይቀበላል፤ መዝገብ አለው፣ ወኪል አለው፣ ጠበቃ አለው። የገበሬው ድርሻ ግን ማን ቆጥሮ፣ ከማን ተቀብሎ፣ ለየትኛው ገበሬ እንደሚያደርስ ገና ያልተደላደለ ጉዳይ ነው።

ቢራ የሚወደው ገብስ

ሄኒከን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2003 ዓ.ም የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነው። ከዚያ ቂሊንጦ ላይ የራሱን አዲስ ፋብሪካ ተከለ፤ ዋልያን ለገበያ አቀረበ፤ ስሙን ከምትጋራው የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ጋርም የስፖንሰርነት ውል ገባ። የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው የ2011 ዓ.ም አዋጅ እስኪመጣ ድረስ የቢራ ኩባንያዎች ፉክክር የከተማው ትልቁ ትርኢት ነበር።

ከማስታወቂያው ጀርባ ግን ኩባንያዎቹን እኩል ያስጨነቀ ችግር ነበር፤ ብቅል። ጠላ የጠመቀች ሴት ብቅል ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ገብሱን ትነክራለች፣ በኮባ ጠቅልላ ታበቅላለች፣ ታሰጣለች፣ ትፈጫለች። አንዳንዱ ፍሬ ቀድሞ ቢበቅል፣ አንዳንዱ ቢዘገይ ጠላው አይበላሽም። ፋብሪካ ግን ይህን አይችልም። በአንድ ጊዜ የተነከረ ብዙ ቶን ገብስ በአንድ ጊዜ መብቀል አለበት። የዘገየው ፍሬ ስታርቹ ወደ ስኳር ሳይለወጥ ይቀርና ማጣሪያውን ይደፍናል፤ የሚገኘውንም ቢራ ይቀንሳል። የፕሮቲኑ መጠን ከ11 በመቶ ብዙም እንዲያልፍ አይፈለግም፤ ካለፈ ቢራው ይደፈርሳል። ፍሬው ወፍራምና አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የኢትዮጵያ ገብስ ደግሞ በተፈጥሮው የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ባለ ሁለት ረድፉና ባለ ስድስት ረድፉ፣ ነጩና ጥቁሩ፣ ረጅሙና አጭሩ ተደባልቆ ይበቅላል። ለቆሎ የሚሆነው ሰነፍ ቆሎ አለ፤ ለጠላ የሚመረጥ አለ፤ ለበሶ፣ ለገንፎ፣ ለቂጣ የየራሱ አለ። ገበሬው ገብስን የእህል ንጉሥ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ይህ ድብልቅነት ለገበሬው ዋስትናው ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ አንዱ ይቀራል፣ ዋግ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ለፋብሪካው ግን ድብልቅነት ኪሣራ ነው።

ስለዚህ ኩባንያው ዘር ይዞ መጣ። ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ በኔዘርላንድ መንግሥት ተሳትፎ፣ ዩኮርድ በተባለ ድርጅት አስፈጻሚነት 20 ሺህ ገበሬዎችን ለማቀፍ ያለመ ፕሮጀክት ተዘረጋ። በአርሲና በባሌ ለዓመታት ከተዘራው ሆልከር ጎን ትራቨለር እና ግሬስ የተባሉ የአውሮፓ ዝርያዎች ገቡ። ገበሬው ምርጥ ዘርና ሥልጠና፣ ከዚያም የተረጋገጠ ገዥ ያገኛል፤ ኩባንያው የሚፈልገውን ዓይነት ገብስ ያገኛል። ከሌሎች አገሮች ብቅል በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ለኖረ ገበያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎም በ1970ዎቹ ከተተከለው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሌላ የፈረንሳዩ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ የቤልጅየሙ ቡርትማልት በደብረ ብርሃን የብቅል ፋብሪካ ከፈቱ። የሰሜን ሸዋ ገበሬም ከዚህ ገበያ ገባ።

በውል እርሻ ውስጥ ያለው ግፊያ የታወቀ ነው። የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ ሲበልጥ ገበሬው ለነጋዴ ይሸጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ሁሉም ወደ ፋብሪካው ይሮጣል። ጥራቱን የሚለካው ገዥው ስለሆነ ‘ፕሮቲኑ በዛ’ ተብሎ የተመለሰ ጭነት ባለቤቱን ያስኮርፋል። እነዚህ ችግሮች በድርድር፣ በገለልተኛ ላቦራቶሪና በጠንካራ ዩኒየን ይስተካከላሉ። ከባዱ የዘሩ ነገር ነው። ደጋው ሁሉ አንድ ዓይነት ገብስ ሲለብስ የአያት ዘር ከማሳ ይወጣል። አዲስ በሽታ በመጣ ቀን ደግሞ ሁሉም በአንድነት ይመታል። ያን ጊዜ አዳቃዩ መድኃኒት ፍለጋ የሚሄደው ወደዚያው ወደተገፋው ድብልቅ ዘር ነው። ይህ ከዚህ በፊት ሆኗል፤ ቀጥሎ ያለው ታሪክም ይኸው ነው።

ወደ አውሮፓ የሄደው ገብስ

እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ኢትዮጵያ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። በዚያ ጊዜ የጀርመን የዕፅዋት አሳሾች በአገሪቱ እየተዘዋወሩ የገብስ ዘር ሰበሰቡ። ፈቃድ የሚሰጥ የኢትዮጵያ መንግሥት በቦታው አልነበረም፤ ቢኖርም በዚያ ዘመን ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ተደርጎ ስለሚታይ ለመውሰድ የሚያስከፍል ሕግ አልነበረም። ከስብስቡ ውስጥ ኤል 92 የሚል መለያ የተሰጠው አንዱ ገብስ ልዩ ባሕርይ ተገኘበት። በአውሮፓ የገብስን ቅጠል እንደ ዱቄት እያለበሰ የሚያደርቀውን አመዳይ የመሰለ የፈንገስ በሽታ አያስጠጋም።

ተመራማሪዎች ባሕርዩን የሚሸከመውን ጂን ኤም ኤል ኦ ብለው ጠሩት። ሌሎች በሽታ ተከላካይ ጂኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈንገሱ ሲለምዳቸውና ሲያሸንፋቸው ይህ አልተሸነፈም። ይህን ከኢትዮጵያ የተገኘ መከላከያ ይዞ ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የገብስ ዝርያ አቴም ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የወጣውም በኔዘርላንድ ነው። ከዚያ በኋላ ባሕርዩ ወደ ብዙ የአውሮፓ የጸደይ ገብሶች ተዛመተ፤ ዛሬም ይሠራል። በካሊፎርኒያም ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ገበሬ ዛሬ ከአውሮፓ የመጣ ምርጥ ዘር ሲቀበል፣ ከአውሮፓ የገብስ እርባታ ጀርባ ስሙ ያልተጻፈ የራሱ አያት እንዳለ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ማለት ክፍያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይሰጥ ማለት አይደለም። ዘር ‘ከውጭ የመጣ ሥልጣኔ’ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ ለድርድር ስንቀመጥም ባዶ እጃችንን እንዳልመጣን እንድናውቅ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጂን ባንክ ከ80 ሺህ በላይ ናሙና ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ 15 ሺህ ገደማው ገብስ ነው።

አሥራ ሁለቱ የጤፍ ዝርያዎች

የገብሱ ታሪክ ሕግ ባልነበረበት ዘመን የሆነ ነው። የጤፉ ግን ውል ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያስተምረው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ስንዴ ለማይስማማው አውሮፓዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤች ፒ ኤፍ አይ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ይህን ገበያ አይቶ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም ከብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጋር የ10 ዓመት ስምምነት ፈረመ። 12 የጤፍ ዝርያዎችን ለመጠቀም ተፈቀደለት። በምላሹ ከዓመታዊ የተጣራ ትርፉ 5 በመቶውን፣ ከ20 ሺህ ዩሮ ሳያንስ፣ ለጤፍ ገበሬዎች በሚቋቋም ፈንድ ሊያስገባ ቃል ገባ። ከዘር ሽያጭም ድርሻ ነበረው። በጤፉ ዘር ላይ የባለቤትነት መብት እንደማይጠይቅ ተጻፈ። በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ ስምምነቱ ለሌሎች አርአያ ተብሎ ተጠቀሰ።

ችግሩ ከውሉ ውጭ ነበር። ከፊርማው በፊት የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ ገብቶ ነበር። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት በጥር 1999 ዓ.ም ፓተንቱን ሰጠ። ፓተንቱ የሚሸፍነው ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ቆይቶ ሲፈጭ የሚገኘውን፣ በአንድ የዱቄት መለኪያ ከተወሰነ ቁጥር በላይ የሚያስመዘግብ ዱቄት ነው። የአድአ ወይም የአቃቂ ገበሬ ቢሰማ የሚገረመው እዚህ ላይ ነው፤ ጤፍ ከአውድማ ገብቶ ጎተራ ሳይሰነብት የሚፈጨው ማን ነው? በአውሮፓ ሕግ አንድ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ማንኛውም ሰው በ9 ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ዘጠኙ ወር አለፈ፤ ከኢትዮጵያ በኩል ተቃውሞ አልገባም።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም ማብቂያ ከሠረ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ክፍያ በድምሩ 4 ሺህ ዩሮ ነበር። ፓተንቱ ግን አልከሠረም፤ ኤንሸንትግሬን ወደተባለ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ዕዳው ከቀድሞው ኩባንያ ጋር ሲቀበር መብቱ በአዲሱ እጅ ሕያው ሆኖ ቀጠለ። ኢትዮጵያ በፈረመችው ውል የምትጠይቀው ሰው አጣች፤ በዚያው ጊዜ ፓተንቱ በተመዘገበባቸው አገሮች ገበያ የኢትዮጵያ ጤፍ ዱቄት ክስ ሊያስከትል የሚችል ሸቀጥ ሆነ። አገሪቱ ራሷ ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይላክ በመከልከሏ ደግሞ በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን በሆላንድ መሬት ከበቀለ ጤፍ እንጀራ የሚጋግሩበት ጊዜ መጣ።

ፓተንቱን ያፈረሰው ማን ነው? ብዙ ሰው የኢትዮጵያ መንግሥት ክስ ይመስለዋል። መንግሥት ክስ ለመመሥረት መዘጋጀቱን አስታውቆ ነበር፤ ጉዳዩ የተቋጨው ግን በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ሙግት ነው። የፓተንቱ ባለቤት ቤክልስ የተባለውን የዳቦ ቤት ግብዓት አቅራቢ ‘ፓተንቴን ጣስክ’ ብሎ ከሰሰ። ተከሳሹ ‘ፓተንቱ ራሱ ፈጠራ የለበትም’ ብሎ መለሰ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም ተከሳሹን ደግፎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገ። የይግባኙ ጊዜ ሲያልፍ ዜናው አዲስ አበባ ደረሰና ደስታ ሆነ። ደስታው ተገቢ ነበር። ሆኖም ጤፍን ያዳነው ራሱን ለመከላከል ፍርድ ቤት የቆመ የባዕድ ነጋዴ መሆኑን ሳንረሳ ነው መደሰት የነበረብን። ፍርዱም የሚያስረው ኔዘርላንድን እንጂ ፓተንቱ የተመዘገበባቸውን ሌሎች አገሮች አልነበረም።

ሄንገሎ ላይ የማያከራክረው

ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት በእርሻ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው የኔዘርላንድ ኤምባሲ ሕንፃ ከመሬቱ ተፈልፍሎ የወጣ የሚመስል፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሚያስታውስ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ይበልጥ ሕዝብ የሚያውቀው ደግሞ ሄንገሎ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመጀመሪያውን የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1994 በዚያች ትንሽ የሆላንድ ከተማ ነው። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. በ2004 በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ የሮጠው እዚያው ነው። የሁለቱም ወኪል የቀድሞው የሆላንድ ሯጭ ዮስ ሄርመንስ ነበር። ኢትዮጵያ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ያደረገችው የማጣሪያ ውድድር ሳይቀር የተካሄደው ሄንገሎ ላይ ነው።

በግንቦት 29 ቀን 2013 ዓ.ም አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በሄንገሎ የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ6.82 ሰከንድ ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ትራክ ለተሰንበት ግደይ በኢትዮጵያ ማጣሪያ ላይ 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ ሮጣ ክብረ ወሰኑን ወሰደችው። በዚህ የተከፋ የለም፤ ‘የማን ነው?’ ብሎ የጠየቀም የለም። ሰዓቱ ተይዟል፣ ስም ተጽፏል፣ ባንዲራው ታውቋል፣ ገለልተኛ ዳኛ ፈርሟል። የአንዷ ዜግነት ቢለወጥም የተለወጠው በግልጽ መዝገብ ነው። በዘር ጉዳይ የጎደለን ይኸው ነው፤ ማን እንዳፈራው፣ ማን እንደወሰደው፣ በምን ስም እንደተመለሰ የሚያሳይ መዝገብና መዝገቡን የሚከታተል ሰው።

ከየትኛዋ ሆላንድ ጋር ነው የምንነጋገረው?

ከዚህ ሁሉ ‘ሆላንዶች ዘራችንን ዘረፉን’ የሚል መደምደሚያ ማውጣት ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይሆንም። ፓተንት ያወጣው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ ፓተንቱን ያፈረሰውም የሆላንድ ዳኛ ነው። የአውሮፓ ዝርያ ያመጣው የሆላንድ ጠማቂ ነው፤ በኔዘርላንድ መንግሥት ገንዘብና በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከሐረማያና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የገበሬ ዘር አባዢ ማኅበራትን ሲያጠናክር የቆየው ፕሮግራምም የሆላንድ ነው። አንድ አገር ብዙ እጅ አለው። አንዱ እጅ ሲጨብጠን ሌላው ምን እንደያዘ ማየት የእኛ ሥራ ነው።

በእኛም በኩል አቅም የለም አይባልም። ከአቃቂ እምብዛም በማይርቀው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ጤፍን እርስ በርስ ማዳቀል የሚያስችለውን ረቂቅ ዘዴ በ1960ዎቹ ያገኙት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ስለሆነችና በጠዋት ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለምትከፈት ሥራው በአጉሊ መነጽርና በብዙ ትዕግሥት የሚሠራ ነው። በዚያ መንገድ የተገኘው ቁንጮ የተባለው ዝርያ በ1998 ዓ.ም ወጥቶ በገበሬው ዘንድ በፍጥነት ተሠራጨ። በገብስም የሆለታና የቁሉምሳ ማዕከላት ለብቅል የሚሆኑ ዝርያዎች አውጥተዋል። ጂን ባንክ ውስጥ ያለው የገብስ ሀብት ለቢራ የሚሆን የራሳችንን ዘር ለማውጣት ያንሳል ብሎ መከራከር አይቻልም።

የጎደለው ክትትል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል አገሬው፤ የጤፉ ውል ግን ተጽፎም ተረሳ። የአውሮፓን የፓተንት መዝገብ በየወሩ የሚያነብ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡና የሚሉ ቃላትን እየፈለገ በ9 ወሩ ውስጥ ተቃውሞ የሚያዘጋጅ አንድ ቋሚ ክፍል ቢኖር ያ ሁሉ ሙግት ባልተጠበቀም ነበር። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተውን የናጎያ ፕሮቶኮል ተቀብላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም የራሱን ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ ሕግ የለም ማለት አይቻልም።

ቂሊንጦ ላይ የሚጠመቀውን ቢራ በተመለከተም ከዋጋ ድርድሩ ጎን ሦስት ጥያቄዎች በውሉ ውስጥ መልስ ማግኘት አለባቸው። አንደኛ፣ ለገበሬው የሚሰጠው ዝርያ ባለመብቱ ማን ነው፣ ገበሬው ከምርቱ ለከርሞ ዘር ቢያስቀር ይፈቀድለታል ወይ? ሁለተኛ፣ የውጭው ዝርያ ማሳውን ሲይዝ የአካባቢው ገብስ በማን ወጪ በገበሬው እጅ እንዲቆይ ይደረጋል? ሦስተኛ፣ ኩባንያው ቢሸጥ፣ ቢከስር ወይም ስሙን ቢለውጥ ግዴታው ወደ ተተኪው ይሻገራል ወይ፣ ይህንንስ የትኛው የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው በጀት ይከታተላል? በጤፉ ስምምነት ሦስተኛውን ጥያቄ በጊዜው የተከታተለ ሰው ስላልነበረ የተቀሩት መልካም አንቀጾች ሁሉ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ አወጡ።